የመኪና ቺፕ እጥረት (2020–2023)

የመኪና ቺፕ እጥረት የዓለም መኪና አምራቾች ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 የሚያስፈልጓቸውን የሴሚኮንዳክተር ቺፖች በበቂ መጠን ማግኘት ያልቻሉበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ የአዳዲስ መኪኖች ትዕዛዝ ለወራት፣ የአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቷል። እጥረቱ የተነሣው በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሳቢያ የምርትና የፍላጎት ሚዛን በመዛባቱ ሲሆን፣ የፋብሪካ ቃጠሎ፣ ብርቱ ቅዝቃዜ፣ ድርቅ፣ ጦርነትና የንግድ ማዕቀብ አባብሰውታል። «ቺፕ ሊያልቅ ነው» የሚለው ጭምጭምታም ራሱ አንዱ የእጥረቱ ምክንያት ሆኗል፤ ፋብሪካዎች ፈርተው ከሚያስፈልጋቸው በላይ ማዘዛቸው እውነተኛውን ወረፋ አስረዝሞታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ቺፕ በመኪና ውስጥ

ዘመናዊ መኪና ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቺፖች ሊኖሩት ይችላል። አብዛኞቹ ማይክሮኮንትሮለር የሚባሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቆጣጣሪዎችና የዳሳሽ ቺፖች ናቸው። ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ነዳጅ ይመጥናሉ፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ያደርጋሉ፤ የአየር ከረጢቱን ያስነሣሉ፤ መስኮት ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ፤ መቀመጫ ያሞቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢጎድል መኪናው ሊጠናቀቅ አይችልም። ስለዚህም ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ቺፕ በብዙ አሥር ሺህ ዶላር የሚሸጥ መኪናን ከፋብሪካ እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል።

መኪና የሚጠቀምባቸው ቺፖች በአመዛኙ በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ እንዳሉት የቅርብ ጊዜ ቴክኖሎጂ አይደሉም። ብዙዎቹ የሚሠሩት 40 ናኖሜትርና ከዚያ በሚሰፋ የአሠራር ደረጃ፣ ዕድሜ በጠገቡ ፋብሪካዎች ነው። ቺፖቹ ርካሽ በመሆናቸው ትርፋቸው አነስተኛ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከእጥረቱ በፊት በነበሩት ዓመታት አዲስ የማምረት አቅም ለመገንባት የሚያነሣሣ ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል የመኪና ቺፕ ሙቀትን፣ ብርድንና ንዝረትን ለብዙ ዓመት መቋቋም ስላለበት በሌላ ቺፕ ለመተካት የረጅም ጊዜ ፍተሻ ያስፈልጋል። ከስልክ ላይ የተረፈ ቺፕ አንሥቶ መኪና ላይ መግጠም አይቻልም።

አንድ ቺፕ ከሲሊከን ዝርግ ተነሥቶ ተቆርጦ፣ ታሽጎና ተፈትሾ እስኪወጣ ድረስ በመደበኛ ጊዜ እንኳ ከሦስት እስከ አራት ወር ሊፈጅ ይችላል። አዲስ ፋብሪካ ለማቋቋም ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመትና በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ ፍላጎት በድንገት ቢጨምር አቅርቦቱ ፈጥኖ ሊከተለው አይችልም።

የአቅርቦት ሰንሰለቱ

መኪና አምራቾች እጥረቱ እስኪደርስ ድረስ ቺፕን በቀጥታ የሚገዙት አልፎ አልፎ ነበር። አንድ አምራች ሙሉውን የፍሬን መቆጣጠሪያ ሣጥን እንደ ቦሽ፣ ኮንቲኔንታል ወይም ዴንሶ ካለ የመለዋወጫ ድርጅት ይገዛል። ድርጅቱ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ቺፕ ከኤንኤክስፒ፣ ከኢንፊኒየን፣ ከሬኔሳስ፣ ከኤስቲማይክሮኤሌክትሮኒክስ ወይም ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ያገኛል። እነዚህም ከሥራቸው ከፊሉን ለታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ይሰጣሉ። ከዓለም የመኪና ማይክሮኮንትሮለሮች 70 በመቶ የሚሆኑት በቲኤስኤምሲ ፋብሪካዎች እንደሚመረቱ ይገመት ነበር፤ ለቲኤስኤምሲ ግን በ2020 የመኪና ዘርፍ ያስገኘለት ገቢ ከጠቅላላው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የመኪናው ኢንዱስትሪ ለዚህ አምራች ትንሽ ደንበኛ መሆኑ በወረፋው ላይ የነበረውን ቦታ ወስኗል።

በዚህ ላይ ብዙ አምራቾች የሚከተሉት የአሠራር ዘዴ ዕቃ በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ እንዲደርስ የሚያደርግ፣ መጋዘን ውስጥ ክምችት የማይተው ነው። ዘዴውን በማዳበር የሚታወቀው ቶዮታ ራሱ ከ2011 የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ ለቺፕ የተለየ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ አቅራቢዎቹ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ቺፕ እንዲያከማቹ ያደርግ ነበር። በ2021 የመጀመሪያ ወራት ሌሎች አምራቾች ፋብሪካ ሲዘጉ ቶዮታ በአንጻራዊነት ሳይናወጥ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

አጀማመር

በ2020 የጸደይ ወራት ወረርሽኙ ሲስፋፋ የመኪና ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሽያጭም አሽቆለቆለ። አምራቾቹ ፍላጎቱ ቶሎ አይመለስም ብለው በመገመት የቺፕ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ ወይም ቀነሱ። በዚያው ጊዜ ከቤት ሆኖ መሥራትና መማር በመጀመሩ የላፕቶፕ፣ የቴሌቪዥን፣ የጨዋታ መሣሪያና የኢንተርኔት ዕቃዎች ፍላጎት ጨመረ። የቻይናው ሁዋዌ በሴፕቴምበር 2020 በሥራ ላይ ከዋለው የአሜሪካ ማዕቀብ በፊት ብዙ ቺፕ አከማችቷል። የቺፕ ፋብሪካዎች በመኪና አምራቾች የተለቀቀውን አቅም ለእነዚህ ደንበኞች ሰጡ።

የመኪና ሽያጭ ግን ከተጠበቀው ቀድሞ በ2020 ሁለተኛ አጋማሽ አገገመ። አምራቾቹ ተመልሰው ሲያዝዙ ከወረፋው መጨረሻ ላይ ሆነው ተገኙ። በዲሴምበር 2020 ቮልስዋገን ምርቱ እንደሚስተጓጎል አስታወቀ። በጃንዋሪ 2021 ፎርድ፣ ሆንዳ፣ ኒሳንና ሌሎችም ምርት ቀነሱ፤ በፌብሩዋሪ ጄኔራል ሞተርስ በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ያሉ ፋብሪካዎቹን ለጊዜው አቆመ። የጀርመን፣ የአሜሪካና የጃፓን ባለሥልጣናት ታይዋን ለመኪና ዘርፍ ቅድሚያ እንድትሰጥ በዚያው ሰሞን ጠይቀዋል።

እጥረቱን ያባባሱ ክስተቶች

በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ የደረሰው ከባድ የበረዶ ማዕበል የኤሌክትሪክ ኃይል በማቋረጡ በኦስቲን ከተማ ያሉት የሳምሰንግ፣ የኤንኤክስፒና የኢንፊኒየን ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። የቺፕ ፋብሪካ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ የሚሠራ በመሆኑ ኃይል ሲቋረጥ በሂደት ላይ ያለው ምርት ሊበላሽ ይችላል፤ ሥራውን እንደገና ማስጀመርም ሳምንታት ይፈጃል።

በማርች 19 ቀን 2021 በጃፓን ኢባራኪ አውራጃ በሚገኘው የሬኔሳስ ናካ ፋብሪካ ቃጠሎ ተነሣ። ሬኔሳስ ከዓለም የመኪና ማይክሮኮንትሮለር 30 በመቶ ገደማ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ጉዳት ከደረሰበት ሕንፃ ምርት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለመኪና የሚውል ነበር። ምርት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ቢቀጥልም አቅርቦቱ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ተጨማሪ ጊዜ ወስዷል። በዚያው ዓመት ታይዋን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ከባድ የተባለ ድርቅ ስላጋጠማት ቲኤስኤምሲ ለፋብሪካዎቹ ውኃ በቦቴ እስከማስመጣት ደርሷል።

በ2021 ክረምት የኮቪድ-19 ዴልታ ዝርያ በማሌዥያ ተስፋፋ። ከዓለም ቺፕ የማሸግና የመፈተሽ ሥራ 13 በመቶ ገደማ የሚከናወነው በዚያች አገር ነው። የፋብሪካዎቹ መዘጋት እስከዚያ ድረስ በክምችቱ የቆየውን ቶዮታን ጭምር ደረሰበት፤ ኩባንያው በኦገስት 19 ቀን 2021 የመጪውን ሴፕቴምበር የዓለም ምርቱን በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ።

በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር ሌላ ችግር ተጨመረ። ለቺፕ ሥራ በሚያስፈልገው የሌዘር ብርሃን ውስጥ የሚገባው የተጣራ ኒዮን ጋዝ ግማሽ ያህሉ ይመጣ የነበረው በማሪዮፖልና በኦዴሳ ከነበሩ ሁለት የዩክሬን ድርጅቶች ነው። የቺፕ አምራቾች ባላቸው ክምችትና በሌሎች ምንጮች ይህን ሊያልፉት ችለዋል። በምዕራብ ዩክሬን ይሠራ የነበረው የመኪና የኤሌክትሪክ ሽቦ ስብስብ መቋረጡ ግን በጀርመን አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎችን ለጊዜው አዘግቷል።

ትዕዛዝ እንዴት ይዘገያል

በአሜሪካ ከእጥረቱ በፊት አብዛኛው ገዢ መኪና የሚወስደው ሻጩ ግቢ ውስጥ ከቆሙት መርጦ ነበር። በአውሮፓ ግን ለፋብሪካ አዝዞ መጠበቅ የተለመደ ነው። የሻጮች ግቢ ባዶ እየሆነ ሲሄድ አሜሪካውያን ገዢዎችም ቀብድ እያስያዙ መጠበቅ ጀመሩ።

የአንድ መኪና ትዕዛዝ በርካታ ደረጃዎችን ያልፋል። ሻጩ የደንበኛውን ምርጫ ለፋብሪካ ያስተላልፋል፤ ፋብሪካው ለሻጩ ከመደበው ኮታ ላይ ትዕዛዙን ይቀበላል፤ የምርት ሳምንት ይቆርጥለታል፤ የሻሲ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መኪናው ይገጣጠማል፤ ከዚያም ይጓጓዛል። በእጥረቱ ጊዜ ትዕዛዝ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። በተለይ የሚከተሉት አራት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው የኮታ ማነስ ነው። ፋብሪካው የሚልከው መኪና ሲቀንስ ቀድሞ ያዘዘ ደንበኛ እንኳ የእርሱ ሻጭ ድርሻ ትንሽ ከሆነ፣ በሌላ ከተማ ዘግይቶ ካዘዘ ሰው ኋላ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው የተጨማሪ ዕቃ ምርጫ ነው። ደንበኛው የመረጠው ካሜራ፣ የድምፅ መሣሪያ ወይም የሚሞቅ መቀመጫ ቺፑ የጠፋ ከሆነ ያን ዕቃ ያልጠየቀ ሰው መኪና ቀድሞ ይሠራል።

ሦስተኛው ትርፍን የተከተለ ምርጫ ነው። አምራቾች ያገኙትን ጥቂት ቺፕ ብዙ ትርፍ ለሚያስገኙ ትልልቅ ፒክአፖችና የቅንጦት መኪኖች በማዋላቸው አነስተኛና ርካሽ ሞዴሎች ወደ ኋላ ተገፍተዋል።

አራተኛው መኪናው ተገጣጥሞ ቺፕ እስኪመጣለት መቆሙ ነው። ፎርድ በሺህ የሚቆጠሩ ያልተጠናቀቁ ፒክአፖችን ኬንታኪ ውስጥ በሚገኝ የእሽቅድምድም ሜዳ አቁሞ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በጁን 2022 መጨረሻ አንዳንድ ክፍሎች የጎደሏቸው ወደ 95,000 የሚጠጉ መኪኖች እጁ ላይ እንደነበሩ አስታውቋል። እንዲህ ያለ መኪና በሰነድ ላይ «ተሠርቷል» ተብሎ ስለሚታይ ገዢው ለምን እንደማይደርሰው ለመረዳት ይቸገር ነበር።

የሞዴሉ ዓመት ከማለቁ በፊት ያልተሠሩ ትዕዛዞች ወደሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ይተላለፉ ነበር፤ ይህም ዋጋና የዕቃ ዝርዝር ሊለውጥ ይችላል። ፎርድ ማቨሪክ የተባለውን አነስተኛ ፒክአፕ የ2022 ትዕዛዝ መቀበል ያቆመው በጃንዋሪ 2022 ነው።

ወሬና የተጋነነ ትዕዛዝ

ደርቦ ማዘዝ

የአቅርቦት ባለሙያዎች የጅራፍ ውጤት የሚሉት ክስተት በዚህ እጥረት ጎልቶ ታይቷል። ጅራፍ ሲመታ የእጅ ትንሽ እንቅስቃሴ ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደሚገንን ሁሉ፣ በመኪና ገዢው ዘንድ ያለ ትንሽ የፍላጎት ለውጥ ቺፕ ፋብሪካው ጋ ሲደርስ እጅግ ገዝፎ ይታያል። 100 ቺፕ የሚያስፈልገው ድርጅት አላገኝም ብሎ ሲሰጋ ከሦስት አቅራቢዎች 100 ሊያዝዝ ይችላል። ፋብሪካው የሚያየው የ300 ቺፕ ፍላጎት ነው። የመላኪያ ቀኑን ያራዝማል፤ የቀኑ መራዘም በተራው ሌሎች ድርጅቶችን ስለሚያስደነግጥ እነርሱም ደርበው ያዝዛሉ። የቴስላ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢሎን መስክ በጁን 2021 ሁኔታውን በወረርሽኙ መጀመሪያ ሰዎች የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ለመግዛት ካደረጉት ሽሚያ ጋር አመሳስሎታል።

የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 2022 ባወጣው የጥናት ውጤት መሠረት፣ ቺፕ ተጠቃሚ ድርጅቶች በእጃቸው የሚይዙት ዋና ዋና ቺፕ መካከለኛ ክምችት በ2019 ለ40 ቀን የሚበቃ የነበረ ሲሆን በ2021 ከ5 ቀን በታች ወርዷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ በአንድ ወደብ ወይም ፋብሪካ የሚደርስ የጥቂት ቀናት መስተጓጎል ምርት ለማቆም በቂ ነው። ስለ አንድ ፋብሪካ የተሰማ ያልተጣራ ወሬ እንኳ ዕቃ ገዢዎችን ለሽሚያ የሚያነሣሣው ለዚህ ነበር።

የተናፈሱ ግምቶችና የታወቁ እውነታዎች

መረጃ ከቺፕ ፋብሪካ እስከ መኪና ገዢ ድረስ አራትና አምስት እጅ ስለሚያልፍ ክፍተቱን አሉባልታ ሞልቶታል። በስፋት ከተነገሩት መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ።

ቺፕ ተደብቋል የሚለው፦ ይህ ከፊል እውነት ነበረው። የቲኤስኤምሲ ሊቀመንበር ማርክ ሊዩ ወደ ፋብሪካዎች የሚገባው ቺፕ በምርት ላይ ከሚታየው እንደሚበልጥ በ2021 ገልጸው፣ በሰንሰለቱ ውስጥ የሚያከማች ወገን እንዳለ መጠርጠራቸውን ተናግረዋል። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በሴፕቴምበር 2021 ድርጅቶች የክምችትና የትዕዛዝ መረጃ በፈቃደኝነት እንዲሰጡት ጠይቋል። የቻይና የገበያ ተቆጣጣሪም በዚያው ወር የመኪና ቺፕ የሚያከፋፍሉ ሦስት ድርጅቶችን በድምሩ 2.5 ሚሊዮን ዩዋን ቀጥቷል፤ ከ10 ዩዋን ባነሰ የተገዛ ቺፕ ከ400 ዩዋን በላይ የተሸጠበት ሁኔታ ተገኝቶ ነበር። ይሁን እንጂ ክዘናው እጥረቱን አባባሰ እንጂ አልፈጠረውም።

አምራቾች ዋጋ ለማስወደድ ሆን ብለው ምርት ቀነሱ የሚለው፦ ጥርጣሬው የተነሣው የአምራቾች ትርፍ በማደጉ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ2021 ያነሰ መኪና ሸጦ ከወለድና ከግብር በፊት 14.3 ቢሊዮን ዶላር የተስተካከለ ትርፍ አግኝቷል፤ ይህም እስከዚያ ድረስ ከፍተኛው ነበር። በሌላ በኩል አሊክስፓርትነርስ የተባለው አማካሪ ድርጅት በሴፕቴምበር 2021 ኢንዱስትሪው በዓመቱ 7.7 ሚሊዮን መኪና ሳያመርት እንደሚቀርና 210 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያጣ ገምቷል። ትርፉ ያደገው በእጅ ያለውን ቺፕ ውድ ለሆኑ መኪኖች በማዋልና ያለቅናሽ በመሸጥ ነው። አንዳንድ አምራቾች ከዚህ ልምድ በመነሣት ወደፊትም በሻጮች ግቢ ብዙ መኪና ማቆም እንደማይፈልጉ በይፋ ተናግረዋል።

የዘገየ መኪና ሁሉ በቺፕ ምክንያት ነው የሚለው፦ ይህ ትክክል አይደለም። በጃንዋሪ 2022 ቶዮታ በጃፓን አዲሱን ላንድ ክሩዘር ለሚያዝዙ ሰዎች ጥበቃው እስከ አራት ዓመት ሊደርስ እንደሚችል አሳውቆ ነበር፤ ኩባንያው የመዘግየቱ ምክንያት የተሽከርካሪው ተፈላጊነት እንጂ የቺፕ እጥረት እንዳልሆነ ገልጿል። የመርከብና የኮንቴነር እጥረት፣ የሽቦ አለመገኘት፣ የሠራተኛ ማነስና የወደብ መጨናነቅም በየጊዜው የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው።

በቅርቡ ያበቃል የሚለው፦ በ2021 መጀመሪያ ብዙ አምራቾች ችግሩ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ይቃለላል ብለው ነበር። ከዚያም የሚጠበቀው ቀን በተደጋጋሚ ተራዘመ፤ የኢንቴል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፓት ጌልሲንገር በኤፕሪል 2022 እጥረቱ እስከ 2024 ሊዘልቅ እንደሚችል ተናግረዋል። ሻጮች ለደንበኛ የሚነግሩት ቀን በየወሩ የሚለዋወጠውም አምራቾቹ ራሳቸው የሚቀጥለውን ወር አቅርቦት በእርግጠኝነት ስለማያውቁ ነበር።

አምራቾች የወሰዷቸው እርምጃዎች

አምራቾች ፋብሪካ ከመዝጋት ለመዳን በመጀመሪያ የተወሰኑ ዕቃዎችን ከመኪኖች ላይ ቀነሱ። ፔዦ በ308 ሞዴሉ ላይ በስክሪን ምትክ ባለ ቀስት የፍጥነት መለኪያ መልሶ ገጠመ። ቢኤምደብሊው አንዳንድ መኪኖቹን ያለ ንክኪ ስክሪን አቀረበ። ጄኔራል ሞተርስ ከተወሰኑ ሞዴሎች መቀመጫ ማሞቂያን አነሣ። ቶዮታ በኦክቶበር 2022 በጃፓን ለአዲስ ገዢ ከሚሰጣቸው ሁለት ዘመናዊ ቁልፎች አንዱን በተራ ብረት ቁልፍ ተካ።

ቴስላ በገበያ ላይ የተገኙ ሌሎች ቺፖችን ለመጠቀም እንዲያስችለው የመኪኖቹን ሶፍትዌር እንደገና ጽፏል። ይህም መኪና ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር ራሱ የሚሠራ ኩባንያ ከአቅራቢ ከሚጠብቅ ይልቅ ፈጥኖ መንቀሳቀስ እንደሚችል አሳይቷል። ፎርድና ጄኔራል ሞተርስን ጨምሮ በርካታ አምራቾች ከቺፕ ኩባንያዎች ጋር በቀጥታ መዋዋል ጀመሩ።

በምርትና በዋጋ ላይ ያስከተለው ውጤት

የዓለም አቀፍ የሞተር ተሽከርካሪ አምራቾች ድርጅት እንደመዘገበው፣ በ2019 ወደ 92 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዓለም የተሽከርካሪ ምርት በ2020 ወደ 78 ሚሊዮን ገደማ ወረደ፤ በ2021 80 ሚሊዮን፣ በ2022 ደግሞ 85 ሚሊዮን ያህል ሆነ። የቮልስዋገን ዋና መቀመጫ በሆነችው ቮልፍስቡርግ ያለው ፋብሪካ በ2021 ያመረተው መኪና ከ1958 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። በአሜሪካ ገበያ ከ1931 ጀምሮ በሽያጭ አንደኛ የነበረው ጄኔራል ሞተርስ በ2021 ቦታውን ለቶዮታ ለቀቀ።

አዲስ መኪና ሲጠፋ ፍላጎቱ ወደ ያገለገለ መኪና ዞረ። በወረርሽኙ መጀመሪያ መኪኖቻቸውን ሸጠው የነበሩ አከራይ ድርጅቶች ያገለገለ መኪና ለመግዛት ገበያ መውጣታቸው ሽሚያውን አጠናከረው። በአሜሪካ ይፋ የዋጋ መለኪያ መሠረት ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ እስከ ጁን 2021 ባሉት 12 ወራት በ45.2 በመቶ፣ እስከ ጃንዋሪ 2022 ባሉት 12 ወራት ደግሞ በ40.5 በመቶ ጨምሯል። ይህ በዚያ ጊዜ ለነበረው የአገሪቱ አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት ጉልህ አስተዋጽኦ አድርጓል።

አዲስ መኪና ከፋብሪካው የተለጠፈ ዋጋ በላይ መሸጡም የተለመደ ሆነ። ኤድመንድስ የተባለው የመኪና ገበያ መረጃ ድርጅት በጃንዋሪ 2022 አዲስ መኪና ከገዙ አሜሪካውያን 82.2 በመቶው ከተለጠፈው ዋጋ በላይ እንደከፈሉ አስታውቋል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ይህ ቁጥር 2.8 በመቶ ነበር። ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ቀብድ ካስያዙ ደንበኞች ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቁ ሻጮችን የመኪና ድርሻ እንደሚቀንሱባቸው በ2022 መጀመሪያ አስጠንቅቀዋል።

የመንግሥታት ምላሽ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በፌብሩዋሪ 2021 የአገሪቱ የአቅርቦት ሰንሰለት እንዲመረመር ትዕዛዝ ሰጡ። በኦገስት 9 ቀን 2022 ደግሞ ለአገር ውስጥ ቺፕ ምርትና ምርምር 52.7 ቢሊዮን ዶላር የሚመድበውን ሕግ ፈረሙ። የአውሮፓ ኅብረት የቺፕ ሕግ በሴፕቴምበር 2023 በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ከመንግሥትና ከግል 43 ቢሊዮን ዩሮ ለማንቀሳቀስ ያለመ ነው። ጃፓን ቲኤስኤምሲ ከሶኒና ከዴንሶ ጋር በኩማሞቶ ያቋቋመውን ፋብሪካ በገንዘብ ደገፈች፤ ፋብሪካው በፌብሩዋሪ 2024 ተመረቀ። በጀርመን ድሬስደን ቲኤስኤምሲ ከቦሽ፣ ከኢንፊኒየንና ከኤንኤክስፒ ጋር የሚያቋቁመው ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ በኦገስት 2024 ተቀምጧል። የኩማሞቶና የድሬስደን ፋብሪካዎች የመኪና ኢንዱስትሪውን ፍላጎት ታሳቢ ያደረጉ ናቸው።

ኢትዮጵያ

ወደ ኢትዮጵያ ይገቡ ከነበሩ መኪኖች አብዛኞቹ በሌላ አገር ያገለገሉ በመሆናቸው የእጥረቱ ተጽዕኖ የደረሰው በዋናነት በያገለገለ መኪና የዓለም ዋጋ በኩል ነው። አዲስ መኪና ያላገኘ የውጭ አገር ገዢ አሮጌውን ሳይሸጥ ሲቆይ ወደ ውጭ የሚላከው ያገለገለ መኪና ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይንራል።

በአዲስ አበባ ገበያ የታየው የዋጋ ንረት ግን በቺፕ እጥረት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለረጅም ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረትም አስመጪዎችን ለረጅም ጊዜ ያስጠብቅ ነበር። ሦስቱም በአንድ ወቅት ስለተገናኙ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ ያስቸግራል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዘንብሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ለባትሪና ለኃይል መቆጣጠሪያ ጭምር ቺፕ ስለሚያስፈልገው በነዳጅ ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ቺፕ ይጠቀማል።

ማብቃትና ከዚያ በኋላ

በ2022 ሁለተኛ አጋማሽ የኮምፒውተርና የስልክ ሽያጭ በመቀዝቀዙ በዚያ ዘርፍ የቺፕ እጥረቱ ወደ ትርፍ ክምችት ተለወጠ። ቀደም ሲል ደርበው ያዘዙ ድርጅቶች ትዕዛዛቸውን መሰረዝ ጀመሩ። የመኪና ቺፕ ግን የሚሠራባቸው ፋብሪካዎችና የአሠራር ደረጃዎች የተለዩ ስለሆኑ ወዲያውኑ አልተረፈም፤ እጥረቱ እየቀነሰ የሄደው በ2023 ነው። በዚያ ዓመት የዓለም የተሽከርካሪ ምርት ወደ 93.5 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ከወረርሽኙ በፊት የነበረውን መጠን አለፈ። የሻጮች ግቢም ቀስ በቀስ ተሞላ፤ ቅናሽ ተመልሶ መጣ። የአዲስ መኪና ዋጋ ግን ከእጥረቱ በፊት ወደነበረበት አልወረደም።

በ2025 መጨረሻ ተመሳሳይ ችግር በሌላ መንገድ ታየ። የኔዘርላንድስ መንግሥት ባለቤትነቱ የቻይና ኩባንያ በሆነው ቺፕ አምራች ኔክስፔሪያ ላይ በሴፕቴምበር መጨረሻ ቁጥጥር ሲያደርግ፣ ቻይና በአገሯ የሚጠናቀቁ የኩባንያው ምርቶች እንዳይወጡ አገደች። ኔክስፔሪያ የሚያመርታቸው ዳዮድና ትራንዚስተር የመሳሰሉ እጅግ ቀላልና ርካሽ ክፍሎች ቢሆኑም፣ ሆንዳ በሜክሲኮ ምርት እስከማቆም ደረሰ፤ ሌሎች አምራቾችም ክምችታቸው ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ እንደገና መቁጠር ጀመሩ።